የሐኪሙ በር ሲዘጋ መዝገባችን በማን እጅ ይቀራል?

ባለፈው ጥር አባቴ የደም ማቅጠኛ መድኃኒታቸውን ለዓመታት ወደተከታተሉበት፣ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ ደወሉ። ስልኩ አገልግሎት አይሰጥም። በማግስቱ ይዣቸው ሄድሁ። በሩ ተቆልፏል። መስተዋቱ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ሐኪሙ በድንገት ማረፋቸውን በእንግሊዝኛ ታስታውቃለች፤ ስለ ታካሚዎቹ መዝገብ ግን አንድ ቃል አልሰፈረባትም።

አባቴን የተቀበሏቸው አዲስ ሐኪም ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ። መድኃኒቱ የተጀመረው መቼና በምን ምክንያት ነው? መጠኑ ስንት ጊዜ ተለወጠ? የቅርብ ጊዜው የደም ምርመራ ውጤትስ? አባቴ የሚያስታውሱት የክኒኑን ቀለም ነው። የቀረው ሁሉ ከተቆለፈው በር ጀርባ ነበር። ከፋርማሲው፣ ከላቦራቶሪውና ከሆስፒታሉ ያገኘነውን ለቃቅመን ታሪኩን እስክንገጣጥመው ድረስ ሦስት ሳምንታት አለፉ። የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ሦስት ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው፤ መጠኑ ሲያንስ ደም ሊረጋ፣ ሲበዛም ሊፈስስ ይችላል።

ይህን የማነሣው ሟቹን ሐኪም ለመውቀስ አይደለም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሕመምም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ሐኪሞች እንደሚታመሙ፣ እንደሚሞቱ፣ ጡረታ እንደሚወጡ፣ ፈቃዳቸው ሊታገድ ወይም ሊከስሩ እንደሚችሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሕግም የሚወጣው እንዲህ ላለው አስቀድሞ ለሚታወቅ ነገር ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ሐኪሙ ተሰናብቶ ሲሄድ ታካሚውን በመጠኑ ይጠብቀዋል። ሐኪሙ ሳይሰናበት ሲለይ ግን ታካሚው ብቻውን ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፤ እያንዳንዱ የግል ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ የታካሚዎቹን መዝገብ የሚረከብ ባለአደራ በስም እንዲያስመዘግብ ሕግ ሊያስገድደው ይገባል።

መብቱ አለ፤ የሚጠየቀው ሰው የለም

ታካሚ የራሱን የሕክምና መዝገብ የማየትና ቅጂውን የማግኘት መብቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሂፓ ተብሎ በሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ1996 የፌደራል ሕግ መሠረት የወጣውና ከ2003 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የግላዊነት ደንብ፣ ሐኪም ወይም ሆስፒታል ጥያቄ በቀረበለት በ30 ቀናት ውስጥ ቅጂውን እንዲሰጥ ያዝዛል። ምክንያቱን በጽሑፍ ካስታወቀ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀናት ሊጨመርለት ይችላል። ክፍያውም ቅጂውን ለማዘጋጀት ከሚያስፈልገው ተመጣጣኝ ወጪ ማለፍ የለበትም። ደንቡን የሚያስፈጽመው የፌደራሉ የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ መብት ላይ ያተኮረ የማስከበር ዘመቻ ጀምሮ ቅጂ ያዘገዩ በርካታ ተቋማትን ገንዘብ አስከፍሏል።

ይሁንና ሂፓ ሁለት ነገሮችን አይመልስም። አንደኛ፣ የሕክምና መዝገብ ለስንት ዓመት መቀመጥ እንዳለበት አይወስንም፤ ይህን ለክፍላተ ግዛቱ ትቶታል። ሁለተኛ፣ መብቱ የተቀረጸው ጥያቄውን የሚቀበል አካል እንዳለ ታስቦ ነው፤ ስልክ የሚያነሣ፣ ደብዳቤ የሚከፍት፣ ማኅደሩን ከመደርደሪያ የሚያወርድ ሰው። የአንድ ሐኪም ብቻ በሆነ ክሊኒክ ያ ሰው ሐኪሙና ምናልባት አንዲት ጸሐፊ ናቸው። ሐኪሙ ሲለይ ጸሐፊዋም ሥራዋን ታጣለች። መብቱ በወረቀት ላይ ጸንቶ ይኖራል፤ የሚቀርብበት በር ግን የለም።

የቨርጂኒያ ሕግ የት ላይ ይላላል?

በቨርጂኒያ ሕግ ክፍል 54.1-2403.3 መሠረት የሕክምና መዝገብ ንብረትነቱ የሐኪሙ ወይም የአሠሪው ነው፤ ለታካሚው የሚገባው ቅጂው ነው። የክፍለ ግዛቱ የሕክምና ቦርድ ደንብ ደግሞ መዝገቡ ታካሚው ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ለ6 ዓመት እንዲቆይ፣ የሕፃናት መዝገብም ከዚሁ ከ6 ዓመት ሳያንስ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲጠበቅ ያዝዛል።

ክሊኒክ ሲዘጋ፣ ሲሸጥ ወይም ሲዛወር ተፈጻሚ የሚሆነው ክፍል 54.1-2405 ነው። ድንጋጌው ባለፈቃዱ መዝገቡን ከማስተላለፉ በፊት፣ ታካሚውን በፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ፣ እንዲሁም በአካባቢው በሚሠራጭ ጋዜጣ ለማስታወቅ እንዲሞክር ያስገድደዋል። ታካሚው በጽሑፍ ሲጠይቅ መዝገቡ ወይም ቅጂው ለመረጠው ሌላ ሐኪም ወይም ለራሱ እንደሚላክ፣ ክፍያ ይጠየቅበት እንደሆነም ማስታወቂያው መግለጽ አለበት። አሳቡ መልካም ነው፤ አራት ቦታ ላይ ግን ይላላል።

የመጀመሪያው የግዴታው ተሸካሚ ነው። ድንጋጌው የሚናገረው ፈቃድ ስላለው ባለሙያ ነው። የሞተ ሰው ማስታወቂያ አያወጣም፤ በስትሮክ አልጋ ላይ የዋለም እንዲሁ። የሟች ሚስት፣ ልጅ ወይም የውርስ አጣሪ በዚህ ድንጋጌ ውስጥ አልተጠቀሱም። ኀዘን ላይ የተቀመጠ ቤተ ሰብ ስለ ሕክምና ምሥጢር አጠባበቅ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር በሺህ የሚቆጠሩ ማኅደሮች ቁልፍ እጁ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው የጊዜው ልክ ነው። ማስታወቂያ የሚገባው በሕጉ ትርጓሜ መሠረት መዝገቡ ከመተላለፉ በፊት በነበሩት 2 ዓመታት ውስጥ ለታየ ታካሚ ብቻ ነው። መዝገቡ መቀመጥ ያለበት ግን ለ6 ዓመት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የታየ ሰው መዝገቡ በሕግ የተጠበቀ ሆኖ ሳለ ወዴት እንደተወሰደ የሚነግረው የለም። የመድን ዋስትና ሲቋረጥበት ሐኪም ቤት መሄድ የሚያቆም ሰው በብዛት የሚገኘው ደግሞ እዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ርቀቱ ነው። በሕጉ አተረጓጎም አንድ ክሊኒክ «ተዛወረ» የሚባለው ከ30 ማይል በላይ ሲርቅ ወይም ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ወይም ወደ ዲሲ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ከስፕሪንግፊልድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሐኪም የክፍለ ግዛት ድንበር ስለሚሻገር ማስታወቅ ይኖርበታል፤ ወደ ምናሰስ ወይም ወደ ውድብሪጅ የሚዛወረው ግን አይገደድም። መኪና ለሌላቸውና በአውቶቡስ ለሚሄዱ አዛውንት ምናሰስም ሩቅ አገር ነው።

አራተኛው መንገዱና ቋንቋው ነው። ፖስታና ጋዜጣ የዛሬ ታካሚ የሚገኝባቸው ዋነኛ መንገዶች አይደሉም። በየዓመቱ የኪራይ ቤት የሚቀያይር ሰው የቀድሞ አድራሻው የት እንደቀረ አያውቅም። ማስታወቂያው በየትኛው ቋንቋ መውጣት እንዳለበትም ድንጋጌው ምንም አይልም።

ከወንዙ ማዶና ከኪሣራ ሕግ የምንማረው

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለው የሜሪላንድ ሕግ አንድ እርምጃ ቀድሟል። የጤና ሕጉ ክፍል 4-403 የሐኪሙን ሞት፣ ጡረታና ፈቃድ መመለስ በስም ይጠቅሳል። መዝገቡን ከማስተላለፍ ወይም ከማስወገድ በፊት የማስታወቁን ኃላፊነት በሐኪሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በውርስ አጣሪውና መዝገቡን ለመያዝ በተስማማ ተወካይ ላይም ያኖራል። ማስታወቂያው በጋዜጣ የሚወጣ ከሆነም ለ2 ተከታታይ ሳምንታት እንዲነበብና ታካሚው መዝገቡን የሚወስድበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት እንዲገልጽ ያዝዛል። ሜሪላንድ ያላዘጋጀችው ይህ ተወካይ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው፤ ፍለጋው የሚጀመረው ከሞት በኋላ ነው።

የፌደራሉ የኪሣራ ሕግም ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጨመረው ክፍል 351፣ የከሰረ የጤና ተቋም መዝገቡን ለማስቀመጥ ገንዘብ ሲያጣ ምን መደረግ እንዳለበት ይዘረዝራል። አጣሪው በጋዜጣ ያስታውቃል፤ በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ለእያንዳንዱ ታካሚ በፖስታ ለማሳወቅ ይሞክራል፤ መዝገቡን ማስወገድ የሚቻለው 365 ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ፍጹም ሥርዓት አይደለም። ነገር ግን ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ እስከ መቼም እንደሚጠብቅ ይታወቃል። የከሰረ ሆስፒታል ታካሚ ያገኘውን ይህን ያህል ጥበቃ የሞተ ሐኪም ታካሚ የሚያጣበት ምክንያት አይታየንም።

ጥንቃቄ ሲጠፋ ምን እንደሚከተልም ታይቷል። በኢሊኖይ ኖርዝብሩክ የነበረው ፋይልፋክስ የተባለ የሕክምና መዝገብ ማከማቻ ኩባንያ የ2,150 ሰዎችን መዝገብ በአግባቡ ባለመጠበቁ፣ ሥራ አቁሞ በአጣሪ እጅ ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የ100,000 ዶላር ክፍያ ተስማምቷል። የፌደራሉ ጽሕፈት ቤት መልእክት ግልጽ ነበር፤ ድርጅት በመዘጋቱ ብቻ ኃላፊነቱ አይዘጋም። ቅጣት ግን የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

መዝገቡ በኮምፒዩተር ስለሆነ ችግሩ አልፏል የሚሉ አሉ። አላለፈም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። የአነስተኛ ክሊኒክ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በወርኃዊ ክፍያ በሚከራይ የሶፍትዌር ኩባንያ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌደራል መመሪያ እንዲህ ያለ ኩባንያ በክፍያ ክርክር ሰበብ ክሊኒኩ መዝገቡን እንዳያገኝ ሊከለክል እንደማይችል አረጋግጧል። መመሪያው የሚጠብቀው ግን ክሊኒኩን ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሐኪሙ ብቻ ከነበሩና እርሳቸው ካረፉ፣ ኩባንያውን በምን ሥልጣን ማን ይጠይቀዋል?

ጉዳቱ በእኛ ላይ ለምን ይከብዳል?

በአሌክሳንድሪያ፣ በስፕሪንግፊልድና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አዛውንት ሐኪማቸውን የሚመርጡት ቋንቋቸውን ስለሚያውቅ ወይም የሚያስተረጉም ሰው ስላለው ነው። እንዲህ ያለው አገልግሎት በብዛት የሚገኘው በአነስተኛ የግል ክሊኒክ ነው። ያ ክሊኒክ ሲዘጋ ታካሚው ሐኪሙንና አስተርጓሚውን ባንድ ቀን ያጣል፤ መዝገቡ ደግሞ ታሪኩን በእንግሊዝኛ የሚናገርለት ብቸኛ ሰነድ ነበር።

አገር ቤት የራጅ ፊልሙን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ የካርድ ቁጥሩን በወረቀት ቋጥሮ የሚያስቀምጥ ሕዝብ ነን። እዚህ ስንመጣ «ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ» የሚለውን አምነን መያዝ ተውን። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያመለክት ሰው የክትባት ማስረጃ ካላቀረበ ክትባቱን እንደገና ሊወስድ ይችላል። የአካል ጉዳት ድጎማ የሚጠይቅ ሰው የዓመታት የሕክምና ማስረጃ ያስፈልገዋል። ጥገኝነት የሚጠይቅ የሥቃይ ሰለባ በአካሉ ላይ ያለው ጠባሳ በሐኪም የተመዘገበበት ሰነድ የክሱ ምሰሶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ቀነ ገደብ አላቸው፤ ክሊኒክ ተዘጋ ተብሎ አይራዘሙም።

የምንጠይቀው

የቨርጂኒያ ጠቅላላ ምክር ቤት በየዓመቱ በጥር ወር ሁለተኛው ረቡዕ ሪችመንድ ላይ ይሰበሰባል። ለሚቀጥለው ጉባኤ የሚዘጋጅ ረቂቅ ክፍል 54.1-2405ን በሚከተሉት አምስት ነጥቦች እንዲያሻሽል እንጠይቃለን።

1. የመዝገብ ባለአደራ። የቨርጂኒያ ሐኪሞች ፈቃዳቸውን በየሁለት ዓመቱ ያድሳሉ። በእድሳቱ ቅጽ ላይ ሐኪሙ ባይኖር መዝገቡን የሚረከበውን ሰው ወይም ድርጅት ስምና አድራሻ የሚሞሉበት አንድ መስመር ይጨመር። የተሰየመውም ሰው በፊርማው ይቀበል። ቦርዱ የሐኪሞችን የሥራ ቦታና የአስተርጓሚ አገልግሎት ጭምር ለሕዝብ የሚያሳይ ማውጫ በሕግ ስላለው፣ የባለአደራው ስም እዚያው ይስፈር።

2. የግዴታው ስፋት። ድንጋጌው ሞትን፣ ከሥራ የሚያውል ሕመምን፣ የፈቃድ እገዳንና ስረዛን በስም ይጥቀስ። ግዴታውም ወደ ባለአደራው፣ እርሱ ከሌለ ወደ ውርስ አጣሪው ይተላለፍ።

3. የሚታወቁት ሰዎች። ማስታወቂያ የሚገባው ታካሚ 2 ዓመት ሳይሆን መዝገቡ መቀመጥ ባለበት 6 ዓመት ውስጥ የታየ ሁሉ ይሁን። የ30 ማይሉ ገደብም ይነሣ።

4. መንገዱና ቋንቋው። በፖስታና በጋዜጣ ላይ የስልክ መልእክት፣ የታካሚዎች ድረ ገጽ፣ የበር ላይ ጽሑፍና የስልክ የድምፅ መልስ ይጨመሩ። ጽሑፉ ክሊኒኩ በሚያገለግላቸው ሰዎች ዋና ዋና ቋንቋዎች ይውጣ። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አማርኛን በመንግሥት አገልግሎት ውስጥ አስገብቷል፤ የማይቻል ነገር አልጠየቅንም።

5. ማንም በማይገኝበት ጊዜ። ባለአደራውም ወራሹም ሳይገኝ ሲቀር ቦርዱ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ጊዜያዊ ተረካቢ እንዲያሾም፣ የሶፍትዌር ኩባንያውም ለዚሁ ተረካቢ መዝገቡን እንዲከፍት ሥልጣን ይሰጠው።

ተቃውሞውን በአግባቡ ለመመለስ

በአነስተኛ ክሊኒኮች ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ወረቀት የበዛባቸው ሐኪሞች በራቸውን ዘግተው ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢሄዱ የሚጎዳው የእኛው ሰፈር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄያችን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላ አንድ መስመር ነው። ሁለት ሐኪሞች አንዱ ለሌላው ባለአደራ ለመሆን ቢስማሙ ያለ ወጪ ይፈጸማል። ይህን ያላደረገ ሐኪም ሸክሙን አላስቀረም፤ ለሚስቱና ለልጆቹ አስተላለፈው እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ምሥጢር አጠባበቅን ይመለከታል፤ መዝገቡ ወደ ሌላ እጅ ሲገባ ምሥጢር ሊወጣ ይችላል ይባላል። ዛሬ ያለው ሁኔታ ከዚህ የባሰ ነው። ስሙ የታወቀ፣ የፈረመና በሕግ የሚጠየቅ ባለአደራ፣ ኪራይ ባልተከፈለበት መጋዘን ውስጥ ከተተወ ሣጥን ይሻላል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ

በየማኅበሩና በየእምነት ቤቱ የምትሠሩ ወገኖች ከዛሬ ጀምሮ ልታስተምሩት የሚገባ ነገር አለ። ቅጂ የሚጠየቀው በሩ ክፍት ሳለ ነው። ታካሚ በዓመት አንድ ጊዜ የመድኃኒቱን ዝርዝር፣ የክትባቱንና የምርመራ ውጤቱን በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ይጠይቅ፤ ተቋማት ወጪያቸውን እያሰሉ ከማስከፈል ይልቅ ለእንዲህ ያለው ቅጂ ከ6.50 ዶላር ያልበለጠ ቁርጥ ክፍያ መጠየቅ እንደሚችሉ የፌደራሉ መመሪያ ይፈቅዳል። ሐኪሙንም «እርስዎ ባይኖሩ መዝገቤን ከማን ልጠይቅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ፍለጋው በብዙ አቅጣጫ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ላቦራቶሪዎች ውጤትን በቀጥታ ለታካሚው እንዲሰጡ ግዴታ አለባቸው። ፋርማሲው የመድኃኒቱን ታሪክ፣ የመድን ድርጅቱ የጉብኝቱን ዝርዝር፣ የቨርጂኒያ የክትባት መረጃ ቋት የልጆችን ክትባት ሊሰጥ ይችላል። ሐኪሙ ሞተው ከሆነ የውርስ አጣሪው ማንነት በሚኖሩበት ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ለፌርፋክስ ነዋሪ በፌርፋክስ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የውርስ ክፍል፣ ይጠየቃል። ቅጂ የከለከለ ተቋም ካለ ለፌደራሉ የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀናት ውስጥ ነው።

የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ደግሞ ከመራጮቻችሁ የሚመጡትን እንዲህ ያሉ አቤቱታዎች በተለየ ማኅደር እንድትይዟቸው እንጠይቃለን። ረቂቁ ለውይይት በሚቀርብበት ቀን የሚያስፈልጉት እነርሱ ናቸው።

ሕጉ መዝገቡን የሐኪሙ ንብረት ይለዋል። በእኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ነገር የተሻለ ስም አለ፤ አደራ ነው። አደራ የሰጠ ሰው ተቀባዩ ቢሞት አደራው ከማን እንደሚጠየቅ የማወቅ መብት አለው። አባቴ ዛሬ አዲስ ሐኪም አላቸው፤ መጠኑም ተስተካክሏል። የቀድሞው መዝገባቸው ግን የት እንዳለ እስከዛሬ አልታወቀም።